አንድ ቀን በፋስ ከተማ

በአማርኛ ፋስ ማለት እንጨት የሚፈለጥበት፣ ዛፍ የሚቈረጥበት መሣሪያ መሆኑን የማያውቅ የለም። በዐረብኛም ቃሉ ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ የመጥረቢያውንና የመቈፈሪያውን ወገን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ከሞሮኮ ታላላቅ ከተሞች አንዲቱ የምትጠራበት ስም ይኸው ነው። አውሮፓውያን «ፌዝ» እያሉ ይጽፏታል፤ ይሁን እንጂ በእኛ ቋንቋ ፌዝ የሚባለው ቀልድና ማላገጥ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ላለች የተከበረች ከተማ አይገባምና ባለቤቶቹ እንደሚጠሯት ፋስ ብዬ እጽፋታለሁ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ከተማይቱ ስትቈረቈር የቅጥሯ መስመር የተሠመረው በወርቅና በብር በተሠራ ፋስ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ግን ከአፈ ታሪኩ አያንስም። ከነቢዩ መሐመድ ዘር የሚወለደው ኢድሪስ የባግዳድን ገዢዎች ሸሽቶ ወደ ምዕራብ ከተሰደደ በኋላ፣ በ789 ከወንዙ በአንደኛው ዳር ሰፈረ። ልጁ ዳግማዊ ኢድሪስ ደግሞ በ809 ገደማ በማዶው ዳር ሌላ ከተማ ቈረቈረ። በ818 ከስፔን ምድር፣ ከኮርዶባ የተባረሩ ሰዎች መጥተው በአንደኛው ዳር ተቀመጡ፤ ዛሬ ቱኒዝያ በምትባለው አገር ካለችው ከቀይረዋን የመጡት ደግሞ በሌላው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ቅጥር የተጠቃለሉት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ11ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ ፋስ ከመጀመሪያውም ቢሆን የስደተኞች ከተማ ነበረች ማለት ነው።

እኔ ወደ ሞሮኮ የሄድሁት በራባት ለተደረገ የሥራ ስብሰባ ነው፤ ባለቤቴም በራሳችን ወጪ አብራኝ ነበረች። ስብሰባው ማክሰኞ ማታ አለቀ፤ የመመለሻችን አውሮፕላን የሚነሣው ሐሙስ ነው፤ በመካከሉ አንዲት ረቡዕ ተረፈችን። ባልደረቦቼ፣ «ወደ ካዛብላንካ ወርዳችሁ የንጉሥ ሐሰን ሁለተኛን መስጊድ እዩ፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ባሕሩም አጠገባችሁ ነው» አሉን። ምክሩ መልካም ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ አደራ ነበረባት።

በአዲስ አበባ ከቤታችን አጠገብ የሚኖሩ፣ የሐረር ተወላጅ የሆኑ፣ በዕድሜ የገፉ ሙስሊም ጎረቤት አሉን፤ ልጆቻችንም እኛም እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። ወደ ሞሮኮ መሄዳችንን በሰሙ ጊዜ መጥተው፣ «በዚያ አገር አንዲት ሴት በአባቷ ውርስ ያሠራችው ታላቅ መስጊድ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። እውነት መሆኑን ስንነግራቸው ከመሐረባቸው ጫፍ አምስት መቶ ብር ፈትተው፣ መልሰው ቋጥረው በባለቤቴ እጅ አኖሩና፣ «ለዚያ ቤት ስጪልኝ፤ እኔ እግሬ አይደርስም» አሏት። ብራችን በሞሮኮ አይመነዘርምና፣ ባለቤቴ ብሩን እቤት ትታ ግምቱን በድርሃም ለይታ በዚያው መሐረብ ቋጥራ ያዘች። ስለዚህ ካዛብላንካ ቀረ።

ከራባት እስከ ፋስ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባቡሩም ሦስት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ይጓዛል። ከጧቱ በአንድ ሰዓት ተሳፈርን። በመጀመሪያ የስንዴ ማሳ፣ ቀጥሎ የወይራ ተክል፣ በየአጥሩም ቁልቋል ይታያል። በመንገድ ላይ ሱልጣን ሙላይ ኢስማኢል በ17ኛው መቶ ዓመት ዋና ከተማ ያደረጋት መክናስ ትገኛለች፤ እርሷም ራሷን የቻለች አንድ ቀን የምትፈልግ ናት፤ እኛ በመስኮት ተሰናብተናት አለፍን።

ወደ አሮጌዪቱ ፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው መሪ ቢይዝ ይሻለዋል። ይህን የምለው ከሰነፍነት አይደለም፤ መንገዶቿ በሺህ የሚቈጠሩ፣ ብዙዎቹም ከግድግዳ ጋር ተጋጭተው የሚያበቁ ናቸውና ካርታ ብዙ አይረዳም። ሆኖም በየማዕዘኑ «ላሳያችሁ» እያለ የሚከተለውን ጐረምሳ ሳይሆን፣ ከመንግሥት ፈቃድ ያለውንና መታወቂያውን በአንገቱ ያንጠለጠለውን መያዝ፣ ዋጋውንም አስቀድሞ መቍረጥ ይገባል። እኛም አስቀድመን በስልክ ከተስማማናቸው መሪ ጋር በከተማይቱ በር ተገናኘን። ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ግራጫ ጀለቢያ የለበሱ፣ ቢጫ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለ መጡ ያገኛቸው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኛም ሐጂ አልናቸው። ቃላችን ሁለት ነበር፤ አንደኛ፣ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚነሣው ባቡር እንዳያመልጠን፤ ሁለተኛ፣ ወደ ሱቅ እንዳይወስዱን። «በደስታ» አሉ።

ያ በር ባብ ቡ ጅሉድ ይባላል። እንደ ከተማይቱ ያረጀ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የተሠራው ግን በ1913 ነው። በውጭ በኩል ያለው ሸክላ ሰማያዊ፣ በውስጥ በኩል ያለው አረንጓዴ ነው፤ ሐጂ እንደ ነገሩን ሰማያዊው የፋስ፣ አረንጓዴው የእስልምና ቀለም ነው። ከበሩ ወደ ውስጥ ጣላ ከቢራ የተባለው ረጅም መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። ስሙ ትልቁ ዐቀበት ማለት ሲሆን እኛ ግን እንደ ቁልቁለት አገኘነው፤ ስም ያወጣለት ሰው ከታች ወደ ላይ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ከተማ ውስጥ መኪና አይገባም፤ ሊገባም አይችልም። ሲሚንቶው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ቆዳው፣ የለስላሳ መጠጡ ሣጥን፣ ሁሉም በአህያና በበቅሎ ይጫናል። ነጂው «ባላክ! ባላክ!» ብሎ ሲጮኽ ትርጉሙ «ልብ በል፣ መንገድ ልቀቅ» ማለት ነውና ወዲያው ከግድግዳው ጋር መጣበቅ ይገባል፤ በቅሎዪቱ አትጠብቅም። እኔ ትርጉሙን ከመረዳቴ በፊት በአንድ ጭነት ቆዳ ትከሻዬን ተመታሁ። ሐረርን ያየ ሰው በጠባብነቱ አይደነቅም፤ የሚያስደንቀው ስፋቱ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጕዘን ገና ከላይኛው ወገን አልወጣንም ነበር።

ሐጂ ቤተ መንግሥትና ግንብ ከማሳየታቸው በፊት አንድ ተራ ሰፈር አሳዩን፤ እኔ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። በቀድሞው ሥርዓት እያንዳንዱ ሰፈር አምስት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ መስጊድ፣ የቍርዓን ትምህርት ቤት፣ የውሃ ምንጭ፣ መታጠቢያ ቤትና የዳቦ ምድጃ። አንዲት ልጅ በጨርቅ የተሸፈነ ሊጥ በሳንቃ ላይ አድርጋ በራሷ ተሸክማ ስትመጣ አየን። ተከትለናት ብንገባ ምድጃው ከመሬት ዝቅ ብሎ እንደ ጓዳ ባለ ጨለማ ቤት ውስጥ ነው፤ ጋጋሪው በረጅም አካፋ ዳቦውን እየገፋ ያስገባል፣ ያወጣል። የስንቱ ቤት ዳቦ በአንድ ላይ ተደርድሮ ሳለ የማን የማን እንደ ሆነ እንዴት እንደሚያውቅ ባለቤቴ ጠየቀች። ጋጋሪው ሐጂን ጠይቆ ጥያቄውን ከተረዳ በኋላ ሣቀና፣ «የጎረቤቶቼን እጅ አላውቅም?» አለ።

ከዚያ ቡ ዒናኒያ ወደ ተባለው መድረሳ ገባን። ይህ መድረሳ መሪኒዶች የተባሉት ነገሥታት ፋስን ዋና ከተማቸው አድርገው ሲገዙ፣ ሱልጣን አቡ ዒናን ከ1351 እስከ 1356 ባለው ጊዜ ያሠራው ነው። ከግቢው መሐል ቆሞ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ በቀለም ያሸበረቀ የሸክላ ጠጠር፣ ከዚያ እንደ ዳንቴል የተቀረጸ ኖራ፣ ከበላይ የዝግባ እንጨት ያያል። ከመድረሳው ፊት ለፊት ደግሞ የውሃ ሰዓት ነበረ፤ መስኮቶቹና የናስ ሳሕኖች ይቀመጡባቸው የነበሩት እንጨቶች ዛሬም ይታያሉ፤ በ1357 የተፈጸመው ይህ ሰዓት እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ግን እስካሁን በእርግጥ አልታወቀም።

እኔን እዚያ ግቢ ውስጥ ያቆመኝ ከጌጡ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። የታንጀሩ ተወላጅ ኢብን ባጡጣ በ1325 ከአገሩ ወጥቶ፣ እስከ ሕንድና ቻይና ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ያየውን ሁሉ እንዲያጽፍ ያዘዘው ይኸው አቡ ዒናን ነው። ኢብን ጁዛይ የተባለው ጸሐፊ ከአፉ እየሰማ ጽፎ መጽሐፉ በ1355፣ መድረሳው ገና በመሠራት ላይ ሳለ ተፈጸመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የእኛ ባሕር ዳርቻ አለበት። ኢብን ባጡጣ በ1330 ገደማ ዘይላ ደርሶ፣ ከዓሣው ሽታና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የተነሣ በከተማይቱ ማደርን ጠልቶ፣ ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን በመርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ከዚያ ወርዶ ሞቃዲሾ ሲገባ ግን በክብር ተቀብለው በሚገባ አበሉት። ስለ አፍሪቃ ቀንድ ከተሞች የ14ኛው መቶ ዓመት ኑሮ ዛሬ የምናውቀው አንዱ ክፍል በዚህች ከተማ፣ እንዲህ ባለ ግቢ አጠገብ፣ አንድ የደከመው መንገደኛ ለአንድ ጸሐፊ የተረከው ነው። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ከመምጣታችሁ በፊት ታውቁን ኖሯል» አሉ።

በምሳ ሰዓት ችግር ተነሣ። ሐጂ ያሰቡት የፋስ ሰዎች የሚኰሩበትን በስጢላ ሊያስቀምሱን ነበር፤ ይህም የርግብ ሥጋ ከለውዝ፣ ከስኳርና ከቀረፋ ጋር በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር ምግብ ነው። ዕለቱ ግን ረቡዕ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ጾም አትገድፍም። ጾማችን ሥጋም ቅቤም ወተትም ዕንቍላልም የሌለበት መሆኑን ስንነግራቸው ጥቂት አሰቡና ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ወሰዱን። አንድ ሰውዬ ከትልቅ ገንቦ ወፍራም ሾርባ በጭልፋ እየቀዳ ያድላል፤ ቢሳራ ይባላል። የደረቀ የባቄላ ክክ ተቀቅሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ከላይ የወይራ ዘይትና የተወቀጠ ከሙን ይደረግበታል። እንደ እኛ ሽሮ በርበሬ የለውም፤ ቢሆንም ባለቤቴ አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ «ይህማ የጾም ወጥ ነው!» አለች። ሦስት ሰሐን በላን። ከዚያን ቀን ምግብ ሁሉ በዋጋ ያነሰው፣ በትዝታ የበለጠው እርሱ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ብተወው ግን የሚከተለው አይገባም። ሐጂ፣ «ከተማይቱን ከሰገነት ላይ ላሳያችሁ» ብለው ወደ አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት አስገቡን። ሰገነቱ እውነት ነበር። ነገር ግን ከሰገነቱ ስንወርድ ሁለት ጐልማሶች ምንጣፍ መዘርጋት ጀምረዋል፤ የናና ሻይም ቀርቧል። ሻይ የጠጣ እንግዳ ደግሞ በአንዴ ተነሥቶ መሄድ አይችልም። አንዱ ምንጣፍ በሌላው ላይ ተዘረጋ፤ ዋጋው ተጠራ፣ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ። አንድ ሰዓት የሚያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ ምንም ሳንገዛ ወጣን። በመንገድ ላይ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሐጂ፣ የቀጠርንዎ ከተማ እንዲያሳዩን ነው ወይስ እኛን ለነጋዴ እንዲያሳዩ?» አልኋቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ፤ አልመለሱም። ከዚያ በኋላ እየቀደሙ በዝምታ ይመሩን ጀመር። ባለቤቴ በአማርኛ፣ «አባት የሚሆኑ ሰው ናቸው» አለችኝ። እኔም እውነት መናገሬን እንጂ አነጋገሬን አላሰብሁም ነበር።

በዚህ ዝምታ ውስጥ የአናጢዎቹን አደባባይ አለፍን፤ የዕንጨት ሥራ ሙዚየም የሆነውን የነጃሪንን አሮጌ የነጋዴዎች ማረፊያ ለማየት ጊዜ አልቀረንም። ቀጥሎ መንገዱን አግድም የዘጋ ወፍራም ዕንጨት አገኘን፤ ጐንበስ ብለን በሥሩ አለፍን። ከዚያ ወዲያ ያለው የዳግማዊ ኢድሪስ መቃብር የሚገኝበት የተከበረ ክልል ነው። ቀድሞ ሙስሊም ያልሆነ ሰውም፣ አህያና በቅሎም ከዚያ ዕንጨት አያልፉም ነበር፤ ዛሬ ሰው እስከ ደጁ ይቀርባል። በዙሪያው ሻማ፣ ዕጣንና ጣፋጭ ከረሜላ የሚሸጡ ሱቆች ተደርድረዋል።

ከዚያ ጥቂት ዕልፍ ብለን ከአል-ቀረዊዪን ደጅ ደረስን። ታሪኩ እንዲህ ነው። መሐመድ አል-ፊህሪ የተባለ ነጋዴ ከቀይረዋን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ፋስ መጣ። በሞተ ጊዜ ሀብቱን ለልጆቹ ተወ። ፋጢማ የተባለችው ልጁ በድርሻዋ መሬት ገዝታ በ859 ይህን መስጊድ አሠራች፤ እኅቷ መርየም ደግሞ በማዶው ዳር የአንዳሉስያውያንን መስጊድ አሠራች ይባላል። ፋጢማ ሥራው ከተጀመረ እስኪፈጸም ድረስ በየቀኑ ጾመች፤ ድንጋዩና ጭቃውም ከሌላ ሰው ንብረት እንዳይቀላቀል ከዚያው ከገዛችው መሬት ተቈፈረ ይላሉ። ይህን ጽፎ ያቈየው በ14ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኢብን አቢ ዘርዕ ነው፤ እርሱ የጻፈው ነገሩ ከሆነ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለ ሆነ የሚጠራጠሩ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። የፋስ ሰው ግን አይጠራጠርም። መስጊዱ ከጊዜ በኋላ ታላቅ የትምህርት ቤት ሆነ፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቋረጥ በማስተማር ቀዳሚው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። የታሪክ ፈላስፋው ኢብን ኻልዱን ከዚህ ከተማ ሊቃውንት ጋር ኖሯል፤ የታላቁ መጽሐፉንም ቅጂ ለዚህ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቷል።

በሞሮኮ ሙስሊም ያልሆነ ሰው፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ ወደ መስጊድ አይገባም። ስለዚህ ከደጁ ቆመን ተመለከትን። በበሩ በኩል ሰፊ የተነጠፈ ግቢ፣ በመሐሉ ምንጭ፣ ግራና ቀኝ በዓምድ የቆሙ ሁለት ጥላዎች፣ ከበላይ አረንጓዴ የጣራ ሸክላ ይታያል። ባለቤቴ መሐረቧን አወጣች። አሁን ችግሩ ታወቃት፤ አደራው «ለዚያ ቤት» ነው፤ እርሷ ግን ወደዚያ ቤት አትገባም። መሐረቡን ወደ ሐጂ ዘረጋች። እኔ እጅጌዋን ሳብ አድርጌ በአማርኛ፣ «የምንጣፉን ነገር ረሳሽው?» አልኋት።

ሐጂ አማርኛ አያውቁም፤ የእጄን ነገር ግን ዐወቁት። ለባለቤቴ፣ «ይህ ምንድር ነው?» አሏት። ከጎረቤታችን ጀምራ ሁሉን ነገረቻቸው። እርሳቸውም ፈጥነው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉና፣ «እኅቴ፣ አደራው የተሰጠው በእጅዎ ነው፤ በእኔ እጅ አይለፍ። የዚህ ቤት ወጪ ከጥንት ጀምሮ ሰዎች ለእርሱ በሰጡት የቤትና የሱቅ ኪራይ ይሸፈናል፤ ሐቡስ እንለዋለን። ገንዘቡን የሚፈልጉት ከደጁ የተቀመጡት ናቸው፤ እነርሱም የዚሁ ቤት ናቸው» አሉ። ከበሩ በስተቀኝ ከግድግዳው ሥር ወደ ተቀመጡ አራት ሴቶች ወሰዷት። ባለቤቴ ጐንበስ ብላ በየተራ ሰጠቻቸው። ታላቂቱ ዐይነ ስውር ነበሩ፤ ገንዘቡን በጣታቸው ዳስሰው ብዛቱን ሲያውቁ፣ «ከማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሐጂ፣ «ከሐበሻ አገር፣ ከአንዲት አሮጊት ሴት» ብለው መለሱ። «የቢላል አገር!» አሉ አሮጊቷ፤ እጃቸውንም ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉ። የእማማን ስም ጠይቀው በመካከሉ ሲጠሩት ሰማን።

ወዲያው የዐስር ሶላት ጥሪ ተሰማ። ሐጂ፣ «ጥቂት ጠብቁኝ» ብለው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። በበሩ በኩል በግቢው ተሻግረው ሲሄዱ ጀርባቸውን እናይ ነበር። ሲመለሱ፣ «ለእናታችሁም ጸለይሁ» አሉ። እኔ ይቅርታ ከመጠየቅ ሌላ የምለው አልነበረኝም። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፤ «እውነቱን ልንገርህ። ምንጣፍ ብትገዙ ድርሻ ነበረኝ። ነገር ግን በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ ድንበር ሲዘጋ እንግዳ የሚባል አልነበረም፤ እኔ ደመወዝ የለኝም። በዚያን ጊዜ ያ ነጋዴ ዱቄትና ዘይት ወደ ቤቴ ይልክ ነበር፤ እርሱም የሚሸጠው አልነበረውም። አሁን እንግዳ ይዤ በደጁ ሳልፍ እንዴት ፊቴን አዞራለሁ? ቢሆንም ቃል ሰጥቻችኋለሁና ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ በኋላ ዝምታው ተፈታ።

ከመስጊዱ በታች ሰፋሪን የተባለ የመዳብ ቀጥቃጮች አደባባይ አለ፤ አንድ ትልቅ ዛፍ በሥሩ ጥላ ይሰጣል፤ መዶሻው በዜማ የተስማማ ይመስላል። የአል-ቀረዊዪን ቤተ መጻሕፍት በር ወደዚህ አደባባይ ይመለከታል። እርጥበት የእጅ ጽሑፎቹን እያጠፋ ስለ ነበር ታድሶ ሥራው በ2016 ተፈጽሟል፤ ያደሰችውም አዚዛ ሻውኒ የተባለች የፋስ ተወላጅ መሐንዲስ ናት። ሐጂ ይህን ሲነግሩን ወደ ባለቤቴ ተመልክተው፣ «ሴት ሠራችው፣ ሴት አደሰችው» አሉ።

ቆዳ የሚለፋበትን ሹዋራን ከማየታችን በፊት ሽታው ደረሰን። ከአንድ ቤት ሰገነት ስንወጣ በእጃችን የናና ቅጠል ሰጡን፤ እያሸተቱ ለመመልከት ነው። ከታች እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ጕድጓዶች ይታያሉ። ነጮቹ ኖራና የርግብ ኩስ ያለባቸው ናቸው፤ ኖራው ጠጕሩን ያስለቅቃል፣ ኩሱ ቆዳውን ያለሰልሳል። ቀለም ያለባቸው ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማ ናቸው። ሻጮቹ ቀለሙ ሁሉ ከቅጠልና ከአበባ እንደ ሆነ ይናገራሉ፤ ዛሬ ግን ብዙው ከፋብሪካ እንደሚመጣ ሐጂ በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ሰዎቹ እስከ ጭናቸው ጕድጓዱ ውስጥ ገብተው ቆዳውን በእግራቸው ይረግጣሉ። በአውሮፓ መጻሕፍት የሚደጐሱበት ያማረ የፍየል ቆዳ እስከ ዛሬ በዚህች አገር ስም ይጠራል፤ መነሻው እንዲህ ያለ ጕድጓድ ነው።

በአገራችን ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያሉ መናቅ የቈየ ነውር ነው፤ ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውንም እንዲሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን ዕድሜው ረዘመ። በፋስ ቆዳ አልፊው ሥራውን ከአባቱ ወርሶ በስሙ ይኰራል ይላሉ፤ እውነት ይሆናል። ቢሆንም ከሰገነት ላይ ቆሞ ቅጠል እያሸተቱ፣ ኖራ ውስጥ በባዶ እግሩ የቆመውን ሰው ፎቶግራፍ ማንሣት ለእኔ አልተስማማኝም። ከታች ካሉት አንዱ ቀና ብሎ አየን። ባለቤቴ ናናዋን ከአፍንጫዋ አውርዳ በእጇ ያዘች፤ እኔም ካሜራውን ወደ ኪሴ መለስሁ።

ወደ ረሲፍ አደባባይ ስንወርድ በየመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ግድግዳዎች በዕንጨት ተደግፈው አየን። ብዙዎቹ ቤቶች ዕድሜያቸው በመቶ ዓመታት የሚቈጠር ነው፤ በአንዱ ቤት ብዙ ቤተሰብ ይኖራል፤ ዝናብ በበረታ ጊዜ የሚፈርስ ይኖራል። ከተማይቱ በ1981 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች፤ ነገር ግን ከግድግዳው በስተጀርባ የሚያድረው ሰው ኪራይ ከፋይ ነው። ሐጂም የተወለዱት ከእነዚህ በአንዱ ነው፤ ልጆቻቸው ግን ፈረንሳዮች ወደ ሠሩት አዲስ ከተማ ወጥተዋል።

ከረሲፍ በቀይ ታክሲ የመሪኒዶች መቃብር ፍራሽ ወደሚገኝበት ኮረብታ ወጣን። ከዚያ ሆኖ አሮጌዪቱ ፋስ እንዳለች በአንድ ዐይን ትታያለች፤ ጠፍጣፋ ጣራዎች፣ በመካከላቸው አረንጓዴ የመስጊድ ጣራዎች፣ ወዲያ ማዶ መሪኒዶች በ1276 የሠሯት አዲሲቱ ፋስ፣ ከእርሷም ወዲያ የፈረንሳዮቹ ከተማ። ሞሮኮ ነፃነቷን ለፈረንሳይ ያሳለፈችበት ውል የተፈረመው በዚህች ከተማ በ1912 ነው፤ ከዚያ በኋላ ዋና ከተማነቱ ወደ ራባት ተዛወረ፤ በ1956 ነፃነት ሲመለስም ዋና ከተማው እዚያው ራባት ቀረ። ሐጂ ይህን የሚናገሩት የትናንት ቅሬታ እንደ ሆነ አድርገው ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የአንዱ መስጊድ ጥሪ ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ሸለቆው ሁሉ ድምፅ ሆነ።

በባቡር ጣቢያው የተስማማንበትን ዋጋ ከፈልን። ጥቂት ጨምሬ ብሰጣቸው የተጨመረውን መልሰው፣ ከጀለቢያቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከዳግማዊ ኢድሪስ መቃብር ደጅ የገዙት፣ ለውዝ ያለበት ነጭ ጣፋጭ ነው፤ መቼ እንደ ገዙት አላየንም። «ለእናታችሁ» አሉ። «ወደዚያ የሚሄድ ሰው ለቤቱ በረከት ብሎ ይወስዳል።»

አዲስ አበባ በገባን በማግሥቱ ባለቤቴ ጣፋጩን ይዛ ወደ እማማ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልሁ። እማማ ጥርስ ስለሌላቸው ከጫፉ ጥቂት ቈርሰው በአፋቸው ያዙና የአሮጊቷን ዱዓ፣ የሐጂን ሶላት፣ ስማቸው በዚያ ደጅ መጠራቱን ሁለት ጊዜ አስደግመው አዳመጡ። ከዚያ በኋላ፣ «ሴቲቱ ያሠራችው ቤት በሩ ሰፊ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ባለቤቴም፣ «ሰፊ ነው እማማ፤ ከውጭ ለቆመም ይታያል» አለቻቸው።